በሚዞር ሞርሳ የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ማሰር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሞርሳውን መትከል

ሞርሳው ደረሰ። ዛሬ ምንም ዝንብ አላሰርኩም። ቀኑ ያለቀው ዕቃውን በመገጣጠምና በማቃናት ነው፤ ደግሞም ይገባዋል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ማለት ባዶ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ሱፍ፣ ፀጉርና ሽቦ በቀጭን ክር እያሰሩ ዓሣ የሚበላውን ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል አድርጎ መሥራት ነው። ጥበቡ በጣም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤሊያን፣ መቄዶንያውያን መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠቅልለው፣ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። ሱፍና የዶሮ ላባ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አሉ።

ሞርሳው የሚሠራው መንጠቆውን ነክሶ መያዝ ነው። ተራው ዓይነት ከዚያ ሌላ ሥራ የለውም። የሚዞሩት ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጭንቅላቱ ይዞራል፤ ሲዞር ግን መንጠቆውም ክብ እየሠራ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ሌላውን ጎን ለማየት ይረዳል እንጂ ለመጠቅለል አይመችም። ሁለተኛው እውነተኛው ዟሪ ነው። በሱ ላይ የመንጠቆው ቀጥ ያለ ክፍል ልክ በመዞሪያው ዛቢያ ላይ ይቀመጣል። እጀታው ሲዞር መንጠቆው ካለበት ሳይነቃነቅ ይሽከረከራል። የኔ ይሄኛው ነው።

ከዚህ በኋላ ቀጥ ያለውን የመንጠቆ ክፍል ዘንግ እለዋለሁ። ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ዓይን፣ የተቆለመመውን ክፍል መታጠፊያ።

መቆሚያውም ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ከባድ የብረት መቀመጫ ነው፣ የትም ይቀመጣል። ሌላው የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ነው። እኔ ጠርዝ የሚነክሰውን መረጥኩ፤ ክር ስስብ አይነቃነቅም፣ ከፍታውንም እንደ ልቤ አስተካክላለሁ። የሞርሳው መንጋጋ፣ ማለትም መንጠቆውን የሚነክሰው ክፍል፣ ደረቴ ትይዩ ላይ ሲሆን ክርኔ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ትከሻዬም አይደክምም። ከሞርሳው ጀርባ ነጣ ያለ ወረቀት አቆምኩ። ጥቁር ክር በጥቁር ላባ ላይ ሲታሰር ዓይን የሚያርፍበት ነጭ ነገር ካላገኘ ይጠፋል።

እሑድ፣ ማቃናት

ማንም ቢጠይቀኝ የዚህ መሣሪያ ዋና ቁምነገር ይሄ ነው እላለሁ። መንጠቆው ዛቢያው ላይ ካልተቀመጠ፣ የሚዞር ሞርሳ መግዛት ትርፉ ድካም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንጠቆው መታጠፊያው ላይ ይነከሳል። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብሎ ማዞርና ዓይኑን ማየት ነው። ዓይኑ ባለበት ከተሽከረከረ ልክ ነው። ትንሽ ክብ ከሠራ መንጠቆው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በባዶ ዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የመርፌ ጫፍ ከዘንጉ ጎን ሳይነካው አቁሜ አዞራለሁ። በመርፌውና በዘንጉ መሃል ያለው ክፍተት ከሰፋና ከጠበበ፣ መንጋጋውን ፈታ አድርጌ መንጠቆውን በጣም በትንሹ አነሳለሁ ወይም እጥላለሁ። ክፍተቱ እኩል እስኪሆን ድረስ። አንዳንዴ የሚፈለገው እንቅስቃሴ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም።

የመንጠቆ መጠን በተቀየረ ቁጥር ይሄ እንደገና መሠራት አለበት። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ ልብ በሉ፤ 16 ቁጥር ከ8 ቁጥር በጣም ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ቁጭታ አንድ ዓይነት መጠን ብቻ መሥራት ይሻላል። አንዴ ተቃንቶ ተከታታይ ዝንብ ይወጣል።

ሌላው ማስተካከያ የመዞሪያው ብሎን ነው። በጣም ከላላ ክር በሳብኩ ቁጥር መንጠቆው አብሮ ይዞራል። በጣም ከጠበቀ ለማዞር ጉልበት ይጠይቃል፤ ያኔ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ትክክለኛው ቦታ በአንድ ጣት ሲገፋ የሚዞር፣ ሲለቀቅ ግን ባለበት የሚቆም ነው።

ሰኞ ማታ፣ ክር

ዛሬ ላባ አልነካሁም። ከክር ጋር ብቻ ተዋወቅኩ።

የክር ቅጥነት በዴኒየር ይለካል። 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 70 ዴኒየር የተባለው ክር 9 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ 70 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው። ለትናንሽ መንጠቆዎች እሱ ይሆናል። ለመማሪያ ግን 140 ይሻላል፤ ወፈር ያለና በቀላሉ የማይበጠስ ነው፣ እጅም ጥንካሬውን ቶሎ ይለምደዋል።

ክሩ የሚያዘው ቦቢን በሚባል ዕቃ ነው። ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ጥቅሉን እንደ ስፕሪንግ ጨብጠው ይይዙታል፣ ክሩ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ቱቦው አፉ ሴራሚክ ከሆነ ክር አይቆርጥም። የቦቢኑ ጥሩ ነገር ሲለቀቅ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። በራሱ ክብደት ክሩን ይወጥረዋል፤ እጄን ለሌላ ነገር ነፃ ያደርጋል።

የክሩን አጀማመር ባዶ ዘንግ ላይ ደጋግሜ ሠራሁት። የክሩን ጫፍ በግራ እጅ ይዞ፣ በቀኝ ወደ ፊት ጥቂት ዙር፣ ከዚያ በራሱ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥቂት ዙር። ሲሳብ አይንሸራተትም። ትርፉ ይቆረጣል። እስከ መታጠፊያው ድረስ ዙር ከዙር አጠገብ እየደረደሩ መሄድ፣ ከዚያ ፈትቶ እንደገና። አሰልቺ ይመስላል፤ ለኔ ግን በጣም የሚያረጋጋ ሥራ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለት ነገር ዛሬ በእጄ ገባኝ። አንደኛው ውጥረት ነው። ሆን ብዬ ክሩን እስኪበጠስ ድረስ ሳብኩት፣ ከዚያ ደግሞ ሊበጠስ ትንሽ ሲቀረው ማቆም ተለማመድኩ። ጥብቅ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በታች የታሰረ ላባ መንጠቆው ላይ ይዞራል።

ሁለተኛው የክሩ ጥምዝ ነው። የተንጠለጠለውን ቦቢን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ሳሽከረክረው ክሩ ይጠመዘዝና ድቡልቡል፣ ጠንካራ ይሆናል። በተቃራኒው ሳሽከረክረው ይፈታና እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው ልሙጥ መሠረት ይሠራል። የተጠመዘዘው ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ አጥብቆ ለመያዝ ነው። ይሄን ሳያውቅ የሚያስር ሰው፣ አንዳንድ ቀን የዝንቡ ሰውነት ለምን እብጥ እብጥ እንደሚል ግራ ይገባዋል።

ማክሰኞ

አጭር ነገር። ከመንጠቆው ጫፍ በታች ያለችውን የኋልዮሽ እሾህ በጠፍጣፋ ፒንሳ መጫን ካለበት፣ ከማሰር በፊት ይጫን። አንዳንድ መንጠቆ ሲጫን ይሰበራል። ባዶውን ቢሰበር አያሳዝንም። ያለቀ ዝንብ ግን ያሳዝናል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ዓሣውን ለመልቀቅም ይቀላል፣ ከጣትም በቀላሉ ይወጣል።

ሐሙስ ማታ፣ ዉሊ በገር

የመጀመሪያው እውነተኛ ዝንብ። ዉሊ በገርን የመረጥኩት መንጠቆው ትልቅ፣ ቁሱ ወፍራም ስለሆነና የሚዞረውን ሞርሳ በደንብ ስለሚያሠራ ነው። የፔንሲልቬንያው ራስል ብሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የሠራው። ምንን እንደሚመስል በትክክል መናገር ይከብዳል። አልቅት ነው፣ ትንሽ ዓሣ ነው፣ የውሃ ትል ነው። ዓሣው የፈለገውን ያስብ፤ ይበላዋል።

ጅራቱ ማራቡ የሚባል በጣም ለስላሳ ላባ ነው፤ ዛሬ የሚመጣው ተርኪ ከሚባለው ትልቅ የቤት ወፍ ነው። ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር እኩል ይሁን። ደረቁን ሲይዙት በየአቅጣጫው ይበተናል። ጣትን በውሃ አርጥቦ ማለስለስ ነው፤ ወዲያው ተሰብስቦ ይታዘዛል። የላባውን ትርፍ አጭር አድርጎ መቁረጥ ሳይሆን እስከ ዓይኑ ቅርብ ድረስ ዘንጉ ላይ አስተኝቶ ማሰር ይሻላል። ካልሆነ መታጠፊያው ጋ ጉብታ ይቀራል፣ ሰውነቱም በዚያው ይጣመማል።

ከዚያ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ታሰረ፤ ለኋላ ይቆይ። ከዚያ ሸኒል፣ ማለትም ለሰውነቱ የሚሆን ፀጉራም ገመድ። ጫፉን በጥፍር ስፈገፍገው ፀጉሩ ይወልቃል፣ ውስጡ ያለው ክር ብቻ ይቀራል። የሚታሰረው በዚያች ክር ነው። ምንም አያብጥም።

አሁን ወደ ማዞሩ። ክሩን እስከ ዓይኑ አጠገብ ወሰድኩት፣ አንድ ግማሽ ቋጠሮ ሠራሁ። ከዚያ ቦቢኑን ማረፊያው ላይ አስቀመጥኩ። ማረፊያው ከሞርሳው ምሰሶ የሚወጣ ክንድ ነው፤ ክሩ ከዓይኑ ተነስቶ በዛቢያው መስመር ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርጋል። ክሩ በዚያ መስመር ላይ ካለ ሞርሳው ቢዞርም ዘንጉ ላይ አይጠቀለልም። ከመስመሩ ከወጣ ይጠቀለላል። ለዚህ ነው የማረፊያው ከፍታ መስተካከል ያለበት።

ሸኒሉን በቀኝ እጄ ይዤ፣ በግራ እጄ እጀታውን አዞርኩ። መንጠቆው ሲዞር ሸኒሉ ራሱ እየተሳበ ይገባል። የኔ ሥራ እጄን ቀስ እያደረግኩ ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን እየነካ ይተኛል። በእጅ ስጠቀልል ቁሱን ከላይ ካሳለፍኩ በኋላ ከታች ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መቀበል አለብኝ፤ በተቀበልኩ ቁጥር ውጥረቱ ይላላል። እዚህ ግን እጅ አይቀያየርም። ውጥረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታያል።

አቅጣጫው ማሰብ ይጠይቃል። በእጅ ስንጠቀልል ቁሱ በመንጠቆው አናት ላይ ከኛ ይርቃል። ሞርሳው ሲዞር ግን የሚንቀሳቀሰው መንጠቆው ነው፤ ቁሱ ቆሟል። ስለዚህ በእጅ እንደምንጠቀልለው እንዲተኛ የመንጠቆው አናት ወደኛ መዞር አለበት። ወደ ውጭ ካዞርነው ተቃራኒ ጥቅል ይወጣል። ይሄን በወፍራም ቀይ ገመድ ባዶ መንጠቆ ላይ ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው፤ በቃል ከሚነገረው በላይ ግልጽ ይሆናል።

ዓርብ፣ ላባውና ሽቦው

የአውራ ዶሮ አንገት ላባ የዉሊ በገር ጌጥ ነው። ከዓይኑ ኋላ ይታሰርና በሰውነቱ ላይ ክፍት ክፍት እየሆነ ወደ ጅራቱ ይጠቀለላል። የላባው ፀጉር ርዝመት ከመንጠቆው አፍ ስፋት (በጫፉና በዘንጉ መሃል ካለው ክፍተት) አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ያምራል። የጎደጎደው ጎኑ ወደ ኋላ ይዙር፤ ፀጉሮቹ ወደ ጅራቱ እንዲያዘነብሉ።

የላባው ቀጭን ጫፍ በፒንሳ ተይዞ ሞርሳው ይዞራል። እዚህ ላይ የሚዞረው ሞርሳ ክፍተቱን እኩል በማድረግ ይበልጣል። በእያንዳንዱ ሙሉ ዙር እጄ ያንኑ ያህል ወደ ግራ ከሄደ፣ ክፍተቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ፈጥኖ ማዞር አያስፈልግም። እንዲያውም ቀስ ሲባል ነው የሚያምረው።

ከዚያ ሽቦው። ሽቦው መታጠፊያው ጋ የላባውን ጫፍ ይይዝና ወደ ፊት ይመጣል፣ በላባው አከርካሪ ላይ እየተሻገረ። የላባ አከርካሪ ስስ ነው። የዓሣ ጥርስ አንድ ቦታ ከቆረጠው ሽቦ ከሌለ ሁሉም ይፈታል። ሽቦ ካለ ግን የተቆረጠችው ቦታ ብቻ ትቀራለች።

ብዙ ጊዜ ሽቦ ሁልጊዜ በተቃራኒ ይጠቀለል ይባላል። እኔ ግን መንጠቆውን እያዞርኩ ስመለከተው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ዋናው መሻገሩ ነው። ላባው ከፊት ወደ ኋላ ከተጠቀለለ፣ ሽቦው ከኋላ ወደ ፊት በዚያው አዟዟር ሲመጣ በየዙሩ ላባውን ይሻገረዋል። አዟዟሩን ከቀየርኩ ግን ሽቦው ከላባው ጎን ለጎን ይተኛል፤ ምንም አይጠብቅም። ላባው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት በተጠቀለለበት ዝንብ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ያኔ ሽቦው ተቃራኒ መዞር አለበት። በእጅ ስጠቀልል ይሄን አላየውም ነበር፤ የመንጠቆው ሌላ ጎን ተደብቆ ነው የሚቀረው።

ሽቦው ሲያልፍ ፀጉሮቹን እንዳይጨፈልቅ በመርፌ ጫፍ እየለየሁ፣ እያወዛወዝኩ ነው የማሳልፈው። ሽቦ በመቀስ አይቆረጥም፤ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ራሱ ይበጠሳል።

እንዲያውም ለመጥቀስ ያህል፦ ቦቢኑ ማረፊያው ላይ እያለ ሞርሳው በዞረ ቁጥር ክሩ አንድ ጥምዝ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሥራው ሲያልቅ ቦቢኑን ለቀቅ አድርጎ እንዲንጠለጠል መተው ነው። ራሱ ተሽከርክሮ ይስተካከላል።

ቅዳሜ፣ ፌዛንት ቴል

ወደ ትንሽ ዝንብ ዞርኩ። ይሄን የሠራው በእንግሊዝ የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር ነው። የሱ አሠራር ክር የለውም። በቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው ሁሉን ያሰረው፤ ሽቦው ክብደትም ይሰጣል፣ ማሰሪያም ይሆናል። በጣም የማደንቀው ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ ዝንቡ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

እኔ ያሰርኩት በክር ነው። ፌዛንት ከሚባለው ወፍ ጅራት ጥቂት ፀጉሮች የዝንቡ ጅራት ሆኑ፤ የቀሩት ዘንጉ ላይ ተጠቀለሉ። ሰውነቱም ሽቦውም ወደ ፊት ስለሚሄዱ፣ ለሽቦው ሞርሳውን በተቃራኒ አዞርኩት። ናስ ዶቃም ጨመርኩ። ዶቃው መንጠቆው ሞርሳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጫፉ በኩል ይገባል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ወደ ዓይኑ፣ ሰፊው ወደ ሰውነቱ።

እዚህ ላይ ግን ሐሳቤን ልንገር። 16 ቁጥርና ከሱ በሚያንሱ መንጠቆዎች ላይ በማዞር መጠቅለል ብዙም አይጠቅምም። ጥቂት ዙር ብቻ ነው። ቦቢኑን ማረፊያ ላይ አድርጎ፣ ቋጥሮ፣ እንደገና ማንሳት ከመጠቅለሉ ይረዝማል። የሚዞር ሞርሳ ለፍጥነት ነው የሚለው አባባል ለትልልቅ ዝንብ እውነት ሊሆን ይችላል። ለትንሹ ግን ጥቅሙ ማየት ነው። አንድ ነገር ባሰርኩ ቁጥር ግማሽ ዙር አዙሬ ከበስተጀርባ አየዋለሁ። የጅራቱ ፀጉሮች ወደኔ ጎን ቀጥ ብለው ከታዩኝ በኋላ በዚያኛው ጎን ተንሸራትተው ሊሆን ይችላል። ክሩ የላባውን ግንድ ከዚህ ሸፍኖት ከዚያ ሳይሸፍነው ሊሆን ይችላል። ዓሣ ዝንቡን ከሥርም ሊያየው ይችላል። ከሥር ማየት ካልቻልኩ ምን እንዳቀረብኩለት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ክላውዘር ሚኖው

ይሄ ዝንብ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። ቦብ ክላውዘር በሰስክዌሃና ወንዝ ላይ ስሞልማውዝ ባስ ለሚባለው ዓሣ ያወጣው ነው። ሁለት ከባድ የብረት ዓይኖች ዘንጉ አናት ላይ ይታሰራሉ፤ ክብደታቸው ውሃ ውስጥ ዝንቡን ይገለብጠዋል፣ የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ድንጋይና ሣር ላይ ብዙም አይያዝም።

ዓይኖቹ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ነው የሚታሰሩት፤ ክሩ ከአንዱ ዓይን ፊት ወደ ሌላው ኋላ እየተሻገረ። ከዚያ ከሥራቸው፣ ከዘንጉ በላይ፣ አግድም ዙር ይጠቀለላል። ያ ነው ቋጠሮውን የሚያጠብቀው። ሞርሳውን አዙሬ ከፊት ለፊት ስመለከት ዓይኖቹ ከዘንጉ ጋር መስቀል መሥራታቸውን አያለሁ። ትንሽ ያዘነበለ ካለ በጣት ገፍቶ ማቃናት ይቻላል።

መጀመሪያ ነጭ የአጋዘን ጅራት ፀጉር በዓይኖቹ ጎን ታሰረ። ከዚያ ሞርሳውን ግማሽ ዙር አዞርኩና ቆለፍኩት። አሁን መንጠቆው ተገልብጧል፤ ጀርባ የሚሆነውን ጠቆር ያለውን ፀጉር በሚመች ቦታ ነው የማስረው። በተራ ሞርሳ መንጠቆውን አውጥቶ ገልብጦ እንደገና መንከስ ነበር የሚያስፈልገው።

ጭንቅላቱ ላይ ሬዚን የሚባል፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ቀባሁ። ሬዚን ሲደርቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ጎን ይወፍራል። እጀታውን ቀስ እያልኩ ሳዞረው ግን በሁሉም ጎን እኩል ሆኖ ደረቀ። ለዚህ ብቻ እንኳ ይሄን ሞርሳ እወደዋለሁ።

እሑድ፣ የመስታወት ዕቃና መጨረሻ ቋጠሮ

የተሠሩትን ውሃ በሞላ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ክላውዘሩ በጭንቅላቱ ወረደ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ። ዉሊ በገሩን በክር ስስበው ጅራቱ ይሰበሰባል፣ ሳቆም ይከፈታል። ማራቡን የመረጡበት ምክንያት ያኔ ይታያል፤ ደረቅ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያን ያህል የሚማርክ አይደለም።

የመጨረሻ ቋጠሮው ላይ ሞርሳው ይቆለፋል። ክሩ በራሱ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይተኛና ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ሳይሳብ በፊት ትንሽ ምራቅ ወይም ውሃ ቢነካው ይንሸራተታል። ለዚህ ቦታ ለመተው ዓይኑ ኋላ አንድ የዓይን ወርድ ያህል ባዶ ዘንግ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስቀረት ያስፈልጋል። ቫርኒሹ በመርፌ ጫፍ ይቀባል፣ ዓይኑ እንዳይደፈን።

ከዚህ በኋላ ኤልክ ሄር ካዲስን እጀምራለሁ፤ አል ትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን። የኤልክ፣ ማለትም የትልቅ አጋዘን፣ ፀጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክሩ ሲጠብቅበት ወደ ላይ ይበተናል፣ ዝንቡም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ላባው ከዓይኑ ተነስቶ ወደ ኋላ ስለሚጠቀለል ሽቦው አዟዟር አይቀይርም። ክንፉ ሲታሰር ግን ሞርሳው ይቆለፋል፤ ፀጉሩ በጣት ተጨብጦ ካልተያዘ ዘንጉን ዞሮ ይሄዳል።